የውሰት ደም

«ይሄ ጨርቅ እኮ ጥሩ ነው። አሁን ገበያውን ብትዞር አታገኘውም። ቁም እስቲ ቀጥ ብለህ፣ የኔ ወንድም… ጫማህን አታውልቅ፣ ሱሪ የሚለካው ከነጫማው ነው። ጣት ያህል ላሳጥረው? መንገዱስ እንዴት ነው፣ አሁንም እየቆፈሩት ነው? ያ አልዘጋ ብሎ ያስቸገረህ የአውቶቡስ በርስ ተሠራልህ?»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የምትለው ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ በከንፈሯ ሦስት እስፒል ይዛ ነው። ከፊቷ የቆመው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮት የሚስቅ ሰው። ሳሎኑ የእሷም የሥራ ቦታ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከመኪናዋ ማዶ ሶፋው አለ። ሶፋው ላይ ባሏ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጽፋል። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ ነው፤ የሚጽፈውም እሱ ሰብሳቢ ሆኖ ያካሄደውን የወንዶች ጤና ሳምንት ሪፖርት ነው።

«ስለ አንድ ሰው ሳልነግርህ ልረሳው…» አለች፣ እስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች። «አንተ አታውቃቸውም። ትልቅ ሰው ናቸው። እንዴት ያሉ መልካም ሰው መሰሉህ!»

የኃላፊው ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ኖሯል፤ ድምጿ እንዲህ ሲጣፍጥ የሚያርፍበትን ሰው አይስተውም። በደረት ኪሱ ውስጥ ከሃያ ሁለት ቀን ጀምሮ አንድ ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል። የፕሮስቴት የደም ምርመራ ውጤት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው። ደሙ ግን የወንድሙ ነው፤ ቁጥሩም መሆን ካለበት እጅግ ከፍ ብሏል። ወንድሙ ይህን አያውቅም። ሚስቱም አታውቅም ብሎ ያምን ነበር፣ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ።

«እኚህ ሰውዬ ለወንዶች ጤና የማይሆኑት የለም። ማይክ ይዘው ‹ወንድሞቼ፣ አትፈሩ! ሃምሳ የሞላችሁ ሁሉ ተመርመሩ!› ሲሉ አዳራሹ ቆሞ ነው ያጨበጨበላቸው አሉ። ፎቶአቸው በየኮሪደሩ ተለጥፏል… እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው። እንዴት ያለ ክንድ! መርፌ ነክቶት የማያውቅ ክንድ ፎቶ ላይ ያምራል፣ አይደል? ዞር በል… በግራ በኩል ትንሽ ይረዝማል።

«ታዲያ የምርመራው ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው ካልተመረመሩ ማን ሊመረመር ነው? እሳቸው ግን ያን ቀን ሥራ በዛባቸው። ፈሩ እንዳትለኝ! እንዲህ ያለ ሰው ምን ያስፈራዋል? ሥራ ነው እንጂ። እና ምን አደረጉ መሰለህ… አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው፤ መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። መታወቂያቸውን ሰጡትና ‹እኔን ሆነህ ደም ስጥልኝ› ብለው ላኩት። ፍቅር ይሉሃል ይሄ ነው! ሌላው ሰው ለወንድሙ ምን ይሰጣል? የማይለብሰውን ኮት ይሰጣል። እሳቸው ስማቸውን ከነማዕረጉ ሰጡት።»

ሾፌሩ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ሳቀና ወደ ሶፋው ጠቀሰ። ደሙን የሰጠው እሱ ነው፤ ለእሷም እንደ ቀልድ የነገራት ራሱ ነው። የዛሬው ወሬ ሁሉ ታላቅ ወንድሙን በፍርሃቱ መተረብ ብቻ መሰለው። ከዚያ «አንዴ ቆዪኝ» እንደ ማለት እጁን አነሣና፣ እስፒሉ እንዳይወጋው ሱሪውን ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ገባ። ከመጣ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም፤ ሲገባ ግን ይህ ሁለተኛው ነው። ውኃ እንኳ አልቀመሰም።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ አልዞረችም። ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረችና ክር እያስገባች ለመኪናዋ ተናገረች።

«አየሽ፣ አንቺ እንኳ ክር ሲወሳሰብብሽ ትጮኺያለሽ። አንዳንዱ ሰው ግን እንዴት ያለ ሆደ ሰፊ ነው! ሃያ ሁለት ቀን አንድ ወረቀት ይዞ፣ እየበላ፣ እየጠጣ፣ እየተኛ… እኔ አንድ ቀን አልችልም። ለዚህ ነው እነሱ ኃላፊ የሚሆኑት፣ እኔ ደግሞ የሰው ሱሪ የማሳጥረው።»

ኃላፊው ተነሥቶ ቢወጣ «እኔ ነኝ» ማለት ነው። ቢቆጣ «ስምህን ማን አነሣው?» ትለዋለች፤ እውነትም ስሙን ማንም አላነሣም። ስለዚህ «ሳምንቱ በስኬት ተጠናቋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አጠፋና ያንኑ መልሶ ጻፈው። ለወንድሙ ሊነግረው አስቦ ነበር። መጀመሪያ ሳምንቱ ይለቅና እነግረዋለሁ አለ። ከዚያ የምስጋና ምስክር ወረቀቱ ይሰጥ አለ። ከዚያ ሪፖርቱ ይግባ። ቀኑ በጨመረ ቁጥር መናገሩ የሚከብድ ሳይሆን «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ የሚከብድ ሆነበት።

ሾፌሩ እጁን በሱሪው እየጠረገ ተመለሰ።

«ና ወንድሜ፣ አንድ እግር ቀርቶኛል። የት ደርሼ ነበር? …አዎ፣ ውጤቱ። ታናሽየው የዋህ ሳይሆን አይቀርም። ደውሎ ‹እንዴት ሆነ ያ ደም?› ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ‹ንጹህ ነው፣ ምንም የለበትም› አሉት። ምን ይበሉት? ክሊኒኩ ሦስት ጊዜ ደወለላቸው፤ ሦስቴም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ገላቸውን ሲታጠቡ ስልኩን አንዲት ሴትዮ አነሣችው። ነርሷ ምን ብትላት ጥሩ ነው? ‹ያ ተጫዋች ሰውዬ የውጤቱን ወረቀት ከወሰደ ወዲህ ምነው ጠፋ? ደም ሲሰጥ ሁላችንንም በሳቅ ሲገድለን ነበር›። ሴትዮዋ ግራ ገባት። እሷ የምታውቃቸው ሰውዬ ሰው አስቀው አያውቁም… በንግግር ቀን ካልሆነ።»

ሾፌሩ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ።

«‹ቁጥሩ ከፍ ብሏል› አለቻት ነርሷ። እንዳትደነግጥ! ከፍ አለ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። እጢው ስላበጠም፣ ኢንፌክሽን ስላለም ከፍ ሊል ይችላል አሉ። ሴትዮዋ እንደ ተማሪ ደብተር ይዛ ነው የጠየቀቻት። ዛሬ እንደ ድሮው ዝም ብለው አይወጉም፤ መጀመሪያ በኤምአርአይ ያዩታል፣ የሚያጠራጥር ቦታ ካገኙ መርፌውን ወደዚያው ይልካሉ። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ከሆነም ለመቁረጥ አይቸኩሉም፤ እየተከታተሉ ይጠብቁታል። መቁረጥ ግድ ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሮቦት ክንድ እያዘዘ በጠባብ ቀዳዳ ይሠራዋል። የሰው ልጅ እኮ የማይሠራው የለም! አንድ መሣሪያ ብቻ ቀራቸው… ደሙን አይቶ ለባለቤቱ የሚደውል። እሱን ምን ብለው ይሥሩት? ለወንድማማች ፍቅር ትተውታል።»

የሾፌሩ እጅ የያዘውን ቀበቶ ለቀቀ። ወደ ሶፋው አየ። አሁን አልጠቀሰም። ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፤ ስክሪኑ ከጠፋ ቆይቷል፣ ጣቶቹ ግን ይጽፋሉ።

«አትንቀሳቀስ፣ እስፒሉ ይወጋሃል። …እኚያ ሰው ግን ያስጨነቃቸውን ታውቃለህ? እውነቱ ከወጣ ፎቶው ከኮሪደር ይወርዳል። ልክ ናቸው እኮ! ፎቶ ከግድግዳ ከተነሣ ቦታው ላይ ነጭ ምልክት ይቀራል፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ታናሽ ወንድም ግን ከመካከል ቢነሣ ምን ምልክት ይተዋል? ሌሊት አራት ጊዜ ከአልጋው ይነሣል፣ ቀን በየመጨረሻው ፌርማታ አውቶቡሱን አቁሞ ይሮጣል፣ ‹ዕድሜ ነው› እያለ ይስቃል። እሳቸውም ኪሳቸውን ዳበስ አድርገው ‹አዎ፣ ዕድሜ ነው› ይሉታል። እንዲህ የሚያጽናና ታላቅ ከየት ይገኛል?»

ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ አንድ ነጭ ካርድ አወጣችና የሾፌሩ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸውልህ። ሴትዮዋ ለነርሷ ሁሉንም ነገረቻት። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት አዲስ ደም ይሰጣል፣ የዚያኑ ቀን ሐኪሙ ያየዋል። ያን ታናሽ ወንድም ካገኘኸው ስጥልኝ። በገዛ መታወቂያው ይምጣ፤ ከማንም አይዋስ። ብቻዬን እገባለሁ ብሎም አይፍራ፣ ሴትዮዋ ሥራዋን ዘግታ አብራው ትቀመጣለች። ያኔም ያስቃቸው እንጂ… ምን ይሆናል?»

የመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምጿ ሳሳ፤ ቶሎ ብላ ሳለችና አስተካከለችው።

ሾፌሩ ካርዱን አነበበ። ስሙ ነው፣ ከነአባቱ። ሁለተኛ አነበበው። ከዚያ በአንድ እግሩ የታጠፈ፣ በአንድ እግሩ የተንዘረፈፈ ሱሪ ለብሶ እንደቆመ ወንድሙን አየው። ኃላፊው ቀና አለ። «ልነግርህ ነበር» ሊል አፉን ከፈተ። እውነት ነው፣ ሊነግረው ነበር። ከሚያውቃቸው ውሸቶች ሁሉ ግን እንደዚህ እውነት ለመናገር የሚያሳፍር አላገኘም፤ ሳይለው ላፕቶፑን ዘጋ።

«እንግዲህ የሰው ነገር ምን አገባን?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወለሉ ላይ የወደቁትን እስፒሎች እየለቀመች። ድምጿ ማር ነበር። «መራገምም አልወድም። እኚያን ትልቅ ሰው አምላክ ይባርክልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ፤ ስማቸው ከፍ ይበል፣ ጭብጨባው አይለያቸው። ብቻ ሰው ናቸውና፣ አንድ ቀን ታመው የተኙ እንደሆነ… እንደ ራሳቸው ያለ ወንድም አያሳጣቸው።»