ሠላሳዎቹን ዛፎች ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ለሽኝቴ ወንበር ደርድራችሁ፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ስለጠበቃችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጃችን «አደራ፣ አጠር አድርገው» ብለውኛል። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም አጭር ሪፖርት ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ እሞክራለሁ።

ቅድም የመድረክ መሪው «የዚህ የፖም እርሻ አባት» ብሎ አስተዋወቀኝ። እባካችሁ ይሄን ተዉት። አባት ልጆቹን እንዲህ አያደርግም።

አጥሩ ዳር የነበሩትን ሠላሳ የፖም ዛፎች ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? ጠማማ፣ ፍሬያቸው ጥርስ የሚያጠርስ፣ ገዢ የሌላቸው። ይቆረጡ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት «መቀስ» የምንለው ሽማግሌ፣ ቅርንጫፍ የሚገርዝልን፣ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«ልጄ፣ እነዚህን ከቆረጥክ ሌሎቹ መካን ይሆናሉ» አለኝ።

«አባባ፣ አራት ሺህ ዛፍ እያለ ሠላሳው ምን ሊያጎድል?» አልኩት። ሳቅኩበትም።

በቀጣዩ ዓመት እርሻው በአበባ ነጭ ሆነ። ፍሬ ግን የለም። ንቦቹን አማሁ። በሁለተኛው ዓመት ብርዱን፣ በሦስተኛው ማዳበሪያውን። ራሴን? በጭራሽ!

በመጨረሻ እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው የላቦራቶሪ ባለሙያችን ጎትታ ማይክሮስኮፕ ላይ አስጎነበሰችኝ።

«የወንዴው ብናኝ አበባዋ ላይ አርፎ ቀጭን ቱቦ አበቀለ። ወደ ዘሩ ቤት መውረድ ጀመረ። መንገድ ላይ ቆመ። አዩት?»

«ምን ነካው?»

«አበባዋ አወቀችው። የራሷ ነው። ከራሷ ብናኝ ዘር አትይዝም።»

«ታዲያ ከጎረቤት ዛፍ ይምጣላታ!»

«ጎረቤቷም እሷው ናት፣ ጋሼ። አራቱም ሺህ ከአንድ እናት ዛፍ ተቆርጠው የተቀጠሉ አይደሉም እንዴ?»

ለካ እነዚያ ኮምጣጣዎች የነዚህ ባሎች ኖረዋል።

ጡረታ ወጥቶ ወደነበረው ወደ መቀስ ቤት ሮጥኩ። አልጋ ላይ ነበር። «አሁን መጣህ?» አለኝ። ደግነቱ አልቀየመኝም፤ የዚያው ዘር አንድ ዛፍ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ እንዳለ ነገረኝ። በረርኩ። ያገኘሁት ጉቶ ነው። ባለፈው ወር ለመንገድ ማስፋፊያ ቆርጠውታል። ጉቶው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስመለስ «አገኘኸው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። በሳምንቱ ቀበርነው።

ከዚያ ከሩቅ እርሻ የሌላ ዘር ስልሳ ቅርንጫፍ ለምኜ አምጥቼ ዛፎቻችን ላይ ቀጠልኳቸው። የያዙት አሥራ አንድ ናቸው። ለማበብ አራት ዓመት ይፈልጋሉ። እርሻችን አራት ዓመት ይቆያል? አላውቅም። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

የማውቀው ባለፈው ሳምንት ከፍሬ መልቀሚያ ክፍል አሥራ ስምንት ሴቶች መባረራቸውን ነው። የሚለቀም ፍሬ የለማ! አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። «ወንድምዓለም፣ አንተ በጭብጨባ፣ እኛ በደብዳቤ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ በሯን አንኳኳሁ። ውስጥ ነበረች፤ ኮቴዋን ሰምቻለሁ። አልከፈተችልኝም።

ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነበር የተነሳሁት። ቃሉ አፌ ላይ አነሰብኝ።

የምትቀሩትን ፈጣሪ እጃችሁን ይባርክ፤ አሥራ አንዱን ለማየት ያብቃችሁ። የተባረሩት እህቶቻችን ጓዳቸው አይጉደል፣ ልጆቻቸው አንገት አይድፉ። ለሁላችሁም እኔ ያጣሁትን፣ ሽማግሌ ሲናገር የሚሰማ ጆሮ ይስጣችሁ። አሜን ብላችሁ ሸኙኝ፤ ጭብጨባውን ግን እባካችሁ ተዉልኝ።