ተኝቶ የማይድን ወገብ

ዶክተር ጥጥ ይባላሉ፤ ሐኪም እንዳይመስሏችሁ፣ ፍራሽ ሠሪ ናቸው። አርባ ዓመት ጥጥ ሲያባዝቱና ሲሰፉ ኖረው፣ የሰው ልጅ ሕመም ሁሉ ከመኝታ እጥረት እንደሚመጣ ደርሰውበታል። በሳቸው ፍራሽ ላይ የተኛ አንድ ዳኛ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነቃ ቀርቶ፣ ተከሳሹ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ራሱን በነፃ አሰናብቶ ሄደ ይላሉ። ዳኛው እስካሁን አላስተባበለም።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ወሬ የማውራት አቅም አልነበራቸውም። የማተሚያ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። የመጡት የሟች ወንድማቸውን ልጅ ከሥራ አውጥተው ሊያስተኙት ነው። ልጁ እዚያ አራሚ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ሲሆን፣ ወገቡን ማመም ከጀመረው ሦስት ዓመት አለፈ። ዶክተር ጥጥ የስድስት ወር ፈቃድ ማመልከቻ አስጽፈው ኪሳቸው ከተዋል። ኃላፊዋ በስልክ «ስድስት ወር ከቀረ በቦታው ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብትላቸው፣ «ቅጠሪ!» ብለው ዘግተውባታል።

ቀና ሲሉ አራሚው ራሱ በኮሪደሩ ላይ ከመስኮት መስኮት ይመላለሳል።

«አንተ! ምን ያንጎራድድሃል? ወንበር አጣህ እንዴ?»

«ጋሼ! እንዴት አደሩ? ምን እግር ጣለዎት?»

«ያንተ ወገብ ነዋ የጣለኝ! እያመመህ ትዞራለህ?»

«ስለሚያመኝ እኮ ነው የምዞረው። ስቀመጥ ይብስብኛል።»

«ወይ ጉድ! ሲያመው ሽርሽር የሚወጣ ሰው ዛሬ አየሁ።»

«ይስሙኝ እስቲ፤ ትናንት ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ነገረችኝ። ስም አለው። አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ ይባላል።»

«ስሙን ለመጥራት ብቻ ሳምንት መተኛት ያስፈልጋል።»

ልጁ ፈገግ አለና መስኮቱን ተደግፎ በትሕትና ያስረዳ ጀመር። «የሰውነት መከላከያ ይሳሳትና የገዛ መገጣጠሚያውን ያጠቃል። ብዙውን ጊዜ አከርካሪና ዳሌ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይጀምራል። ቶሎ ካልተያዘ ለዓመታት አጥንት እያበቀለ አከርካሪውን ሊያጣብቀው ይችላል። የሚጀምረው ደግሞ በወጣትነት ነው።»

«ወጣት ምን ወገብ አለው? ይሄ የኛ ቤት ጉብጠት ነው። አያትህም አባትህም ጎብጠው ነው የሞቱት። ጥጥ ላይ የተደፋ ሁሉ ይጎብጣል፤ የሙያ ነው።»

በዚያ ቤት ጉብጠት እንደ ሥራ ፈቃድ ይቆጠር ነበር፤ ቀጥ ያለ ፍራሽ ሠሪን ደንበኛም አያምነው።

«ጋሼ፣ እኔ በዕድሜዬ ፍራሽ ሰፍቼ አውቃለሁ?»

«ክር እንኳ በመርፌ አታስገባም።»

«እርስዎስ? አርባ ዓመት ሰፍተው ይኸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ቆመዋል።»

ዶክተር ጥጥ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የገዛ ወገባቸውን ዳሰሱ። ይህ ነገር አርባ ዓመት ሙሉ አብሯቸው ሲኖር ልብ ብለውት አያውቁም።

«በዘር ነው እያልከኝ ነው?»

«ዝንባሌው በዘር ይመጣል፤ ያለበት ሁሉ ግን አይታመምም። የአባቴም ሕመም ይኸው ሳይሆን አይቀርም ብላለች ሐኪሟ።»

«ታዲያ ዕረፍት ነዋ የሚያሻው! ይኸው የስድስት ወር ፈቃድ ማመልከቻ አስጽፌልሃለሁ።»

«እሱ ላይ ነው ስሕተታችን። ዕቃ ሲያነሳ የተጎዳ ወገብ ሲያርፍ ይሻለዋል። የኔ ሲያርፍ ይደርቃል። ከዚያ ከድርብ ፍራሽዎ ላይ ስነሳ ጣውላ ነኝ፤ ካልሲ ለማጥለቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ትንሽ ከተንቀሳቀስኩ በኋላ ነው ሰው የምሆነው። ባለፈው ዓይኔ ቀልቶ ብርሃን ማየት ሲያቅተኝስ? ጥጥ ገብቶበት ነው ብለው ነበር።»

«ገብቶበት ነበር!»

«እሱም ከዚሁ የመጣ ነው። ከተመለሰ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።»

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አባትህን አንድ ዓመት አስተኝቼዋለሁ» አሉ። «እንዳይነሳ ብዬ ሽንት ቤት እንኳ ተሸክሜ ነበር የምወስደው። ሲነሳ ዓይኑ መሬት ላይ ቀረ። ፊቱን ለማየት በርከክ እልለት ነበር። እኔ ነኝ ያጎበጥኩት?»

ልጁ ሊያጽናናቸው ቸኩሎ፣ መልሶ ተወው። «ያጎበጠው በሽታው ነው፣ ጋሼ። መተኛቱ ግን አልረዳውም። ያኔ የነገራችሁ ሰው አልነበረም።»

«ያንተስ ይድናል?»

«ጨርሶ አይድንም። ግን ይያዛል። በየቀኑ የወገብና የደረት እንቅስቃሴ አለኝ፤ ዋናም ጥሩ ነው ተብያለሁ። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ፀረ ብግነት ኪኒን በራሴ ፈቃድ አልጨምርም፣ አልቀንስም። እሱ ካልበቃ መርፌ አለ። ሲጋራም ትቻለሁ።» ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። «ደክሞኛል ግን። በየጠዋቱ ገላን እንደ አዲስ መፍታት ይደክማል። ያንን ማመልከቻ ቢሰጡልኝ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር፤ እውነቴን ነው። ስለዚህ አይስጡልኝ።»

በዚህ መሐል ኃላፊዋ ክምር ወረቀት ታቅፋ ከቢሮዋ ወጣች። «ፈቃድ ጠያቂው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

«ነበርኩ» አሉ ዶክተር ጥጥ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው እየተነሡ። «አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው፣ ልጄ። በየግማሽ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይራመድ። ቆሞ የሚያርምበት ረጅም ጠረጴዛም ይኑረው። አንቺ አራሚ አታጪም፤ እሱ እንጀራውንም ወገቡንም አያጣም፤ እኔም አንድ ወንድም ሁለት ጊዜ አልቀብርም።»

ኃላፊዋ ልጁን አየች፤ እሳቸውን አየች። «አምስት ደቂቃው ይሁን። ጠረጴዛ ግን ከየት አመጣለሁ?»

«እሱን ለኔ ተይው። ጎረቤቴ አናጢ ነው። አንዴ የሠራው ጠረጴዛ ገበያው ርቆበት በገዛ እግሩ ተመልሶ ቤት ገብቷል።»

እሷ አልሳቀችም፤ እሷም ደክሟታል። አራሚው ግን ሳቀ፣ የደረቀ ደረቱ እስከፈቀደለት ድረስ።

ጠዋት ጠዋት ዛሬም ጣውላ ሆኖ ይነሳል፤ ሥራ ሲገባ ግን ቀጥ ብሎ ነው። በፍራሽ ቤቱም ነገር ተለውጧል። ወገቤን አመመኝ ብሎ ወፍራም ፍራሽ የሚጠይቅ ወጣት ሲመጣ፣ ዶክተር ጥጥ ሜትራቸውን አስቀምጠው ይመረምሩታል፦ ሦስት ወር አልፎታል? ጠዋት ይጠናል? ስትንቀሳቀስ ይለቅሃል? «አዎ» ካለ ፍራሽ አይሸጡለትም፤ የመገጣጠሚያ ሐኪም ፈልግ ብለው ይሸኙታል። ተቆጥቶ የሚሄድም አለ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው አረማመዱን በዓይናቸው ይከተላሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ አረፍ ሊል ሲያዩት፣ «ተነስ! ተራመድ!» እያሉ ይጮሁበታል።