ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ቤት

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በነቀምቴ ገበያ መንገድ ስወርድ ባላምባራስ መሸሻን አገኘኋቸው። ከሲሬ ወደ ከተማ ለመግባት ቤት የሚገዙ፣ የታፈሩ ሽማግሌ ናቸው።

«መምህር፣ እግዜር ነው የጣለህ! ከቀትር በኋላ የቤት ውል እፈርማለሁና ምስክር ሁነኝ» አሉኝ።

ያላየሁትን አልመሰክርም ብዬ ተከተልኋቸው።

ቤቱ ግርማ አለው። ከመንገዱ በስተደቡብ ቆሞ ሰፊ በረንዳውን ወደ መንገደኛው አዙሯል፤ ግቢው በመንገዱና በበረንዳው መካከል ነው። ከበስተጀርባው፣ ጉብታው ላይ፣ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ተገትሯል። የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ በዛብሽ ሁለት ጋቢ ደርበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሲሬን የሚለቁትም በእርሳቸው ቁርጥማት ምክንያት፣ ለሐኪም ቤት ለመቅረብ ነው። ጉልበታቸውን የምታክመው ወጣቷ ድሬሰር ድርቤ አጠገባቸው ቆማለች።

«አካም ቡልተን፣ አባ» አለች ድርቤ እጅ ነሥታ፣ እንዴት አደሩ ስትል። «ቤቱን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?»

«በሐምሌ ነዋ፣ ልጄ።»

«በሐምሌ ነቀምቴ ላይ ፀሐይ ነበረች?»

«ጉም ነው እንጂ ምን ፀሐይ አለ!»

«እንግዲያስ ጥላውንም አላዩም። ጉም ለሁሉም ቤት እኩል ነው። እስቲ ሣሩን ይዳስሱት።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ዳሰሱ። እጃቸው በጤዛ ራሰ።

«ቀትር ላይ ይደርቃል» አሉ እጃቸውን በኩታቸው እየጠረጉ።

«ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። በስተደቡብ ያለው ደግሞ ቤቱ ራሱና ባሕር ዛፉ ነው።»

«ባሕር ዛፉን አስቆርጣለሁ።»

«ጎረቤት ፈቀደ እንበል። ቤቱንስ ያስቆርጡታል?»

ወይዘሮ በዛብሽ በጋቢያቸው ውስጥ ሳቁ። ድርቤም አምስት ቤት ወረድ ብሎ ያለውን የአቶ ጨመዳን ቤት አሳየች። እርሱም ይሸጣል። ጀርባው መንገዱን ተጠግቶ፣ ግቢው በስተደቡብ ለጥ ብሏል።

«ያንን?» ባላምባራስ ተቆጡ። «ከአገር የተኳረፍሁ ይመስል ለመንገደኛ ጀርባዬን ልስጥ?»

እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «ይህ ድንቁርና ነው! የሚስትዎን ጉልበት በመንገደኛ ሰላምታ ይለውጣሉ?»

«ጉድ ፈላ! ምስክር ብዬ ያመጣሁት ከሳሽ ሆነ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

እኛ የተማርን ነን ባዮች ስንቱን እውነት በቁጣችን አስጠልተናል! ያች ልጅ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እስከ ዛሬ አደንቃታለሁ።

«አባ፣ ሲሬ እንግዳ ሲመጣብዎ ጀርባ ሰጥተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ደጅ ወጥቼ ነው የምቀበል!»

«ፀሐይም እንግዳ ናት። በየማለዳው ሳትጠራ መጥታ የእናቴን የአዮ በዛብሽን ጉልበት የምታሽ እንግዳ። ይህ ቤት ፊቱን ለመንገደኛ፣ ጀርባውን ለእርስዋ ሰጥቷል።»

ባላምባራስ ጢማቸውን እያሹ፣ «እስቲ በዛብሽን እንጠይቃት» ብለው ወደ በረንዳው ዞሩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ስንከራከር ተነሥተው ወጥተዋል።

ያገኘናቸው በጨመዳ ግቢ፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ፣ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነው። አንዱን ጋቢ አውልቀው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«መሼ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እኔ ተቀምጬበታለሁ። አንተ የፈለግኸውን ፈርም።»

ከቀትር በኋላ በጨመዳ ቤት ውል ላይ በምስክርነት ፈረምሁ።

በጥር ስጎበኛቸው በርበሬው ግቢው ላይ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ አልጋ ልብሱ ገመድ ላይ ተሰቅሏል፤ የሻጋታ ሽታ የሚባል የለም። ወይዘሮ በዛብሽ ገና ለሩቅ መንገድ ሰው ይደግፋቸዋል፤ በግቢያቸው ውስጥ ግን ያለ ምርኩዝ ይራመዳሉ። ምርኩዙን ለቲማቲሙ ድጋፍ አድርገውታል። በረንዳ አይቶ ቤት የሚገዛ ሰው ይስማ፦ በክረምት አይተህ አትዋዋል፤ በኅዳር ማለዳ ሂድ፤ ሣሩን ዳስስ፤ ፀሐይ በየት ገብታ የት እንደምትውል ጠይቅ።

አሁንም ከመንገድ የሚያሾፉባቸው አልጠፉም። ባላምባራስ ግን ከግቢያቸው ሆነው በግድግዳው አሻግረው ይጮኹባቸዋል፦

«ጀርባዬን ያያችሁ፣ ዙሩና ፊቴን እዩት!»