ልመና ወይስ ድርጎ

ከደቅ ደሴት የመጣችው ጀልባ ሰው ስታራግፍ ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከሁሉ በኋላ ወረዱ። የልጅ ልጃቸው ጸሎት ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን አዋላጅ ነርስነት እንድትማር ኮሌጅ ተቀብሏታል። የድጎማው ቅጽ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በአሳዳጊ አያቷ ተፈርሞ ካልገባ ግን ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

«ፈረሙ፣ መሪጌታ?»

ባዶውን መስመር አሳዩኝ። «ልመልስላቸው ነው የመጣሁ። ድጎማ ማለት ልመና አይደል? የእኔ ዘር በልመና አይማርም!»

ደሜ ፈላ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም አልቻልሁም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ቅኔ ሲማሩ ማን አበላዎ?»

«አንቺ ዘይነት፣ ያ ሌላ ነው! በእንተ ስማ ለማርያም እያልን በየደጁ ለምነን ነው። የተማሪ ወግ ነው።»

«ለእርስዎ ሲሆን ወግ፣ ለእሷ ሲሆን ውርደት? ኋላ መምህር ሲሆኑስ ገዳሙ ምን ሰጠዎ?»

«ድርጎ።»

«ድርጎ ምንድን ነው?»

መምህርነታቸው መጣባቸው፤ ቀና አሉ። «በቤተ መንግሥትም በገዳምም ለእንግዳ፣ ለሊቅ፣ ለአገልጋይ የሚሰፈር ቀለብ ነው። ሥራውን እንጂ ሆዱን እንዳያስብ። ተቀባዩ አያፍርበትም።»

«ይኸስ በምን ይለያል? አባቴ ዘካ ሲያወጣ ‹ሐቃቸውን ነው የሰጠኋቸው› ይል ነበር። የተቀበለው ሰው አንገቱን አይደፋም!»

ወረቀቱን በጣታቸው መቱት። «እንዲያ ከሆነ ‹ችግረኛ መሆኗን አረጋግጣለሁ› የሚል ለምን ጻፉበት? ድርጎ ስቀበል እንዲህ ብሎ ያስፈረመኝ የለም!»

እውነታቸውን ነው። ይህን ያረቀቀውን ሰው ባገኘው የምለውን እኔ አውቃለሁ። ተማሪን የሚረዳ መሥሪያ ቤት አዋርዶ መጀመር የለበትም። ግን በጸሐፊ ጥፋት ልጅቱ ለምን ትቀጣ?

«በቃሉ ይቆጡ፣ እኔም አብሬዎ እቆጣለሁ። ግን ልጅዎ፣ የጸሎት እናት፣ ምጥ ይዟት ጀልባ ላይ ስትሞት፣ ደቅ ላይ አንዲት አዋላጅ ብትኖር ኖሮስ?»

ጨከንሁባቸው። ዞረው ጀልባዋን አዩና ቅጹን ዘረጉት።

«እስክርቢቶ አምጪ» አሉ።

«ችግረኛ» የሚለውን ሰርዘው «ተማሪ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ ፈረሙ። ከአራት ዓመት በኋላ የደቅ እናት ምጥ ሲይዛት ጀልባ አትጠብቅም፤ አዋላጅዋ ጸሎት እዚያው ደሴቱ ላይ ትሆናለች። የድጎማ ጥቅሙ ይኸ ነው።

«የሰረዝሁትን አንቀበልም ቢሉስ?» አሉኝ።

«እኔ እጮህባቸዋለሁ።»

«አንቺ ተይው፣ ልጄን የቀበርሁ እኔ ነኝ» አሉና ቀድመውኝ ወደ ኮሌጁ ሄዱ።