የሊጉ ለቅሶ ደራሽ

«ሁሩሙ ዝናቡ እንዴት ነው? … እዚህ መቱ እንደሚያዩት ነው፣ ሰማዩ አይሰለቸውም። ማሩስ? ዘንድሮ ንቡ ጥሩ ሠርቷል ይላሉ… እስቲ አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ ኦቦ ጅራታ። እንዲያ። አሁን ግን አይናገሩ፣ ምላጭ ይዣለሁ።»

እንዲህ የሚለው ፀጉር አስተካካዩ ጉርሙ ነው። ፊቱን በሳሙና አረፋ ተለቅልቆ ወንበሩ ላይ የተንጋለለው ጅራታ ለገበያ ከሁሩሙ መጥቶ፣ ቡናውን ሸጦ፣ አዲስ ስማርት ስልክ ገዝቶ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ጢሙን ሊላጭ የገባ ገበሬ ነው። ከኋላው፣ የተረኞች አግዳሚ ላይ፣ ዲበኩሉ ተቀምጧል። ዲበኩሉ ጢሙ አልረዘመም። የመጣው ለጅራታ ነው። መቱ ውስጥ አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ከእሱ ዓይን አያመልጥም፤ ከስልክ መሸጫው ጀምሮ ተከትሎት ነው እዚህ የደረሰው።

ነገሩ ኳስ ነው፤ ያውም በእግር የማይመታ። ስልክ ላይ ያለ ጨዋታ ነው። ሰው የየራሱን ክለብ ያቋቁማል፣ በዓለም ላይ የሌሉ ተጫዋቾችን ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ቀን አሰላለፉን ያወጣል፣ ማታ ማሽኑ ራሱ አጫውቶ ውጤቱን ይነግረዋል። የመቱ ሊግ የሚባለውን ያቋቋመው ዲበኩሉ ነው። ሊቀመንበሩ እሱ፣ ሕግ አውጪው እሱ፣ ሻምፒዮኑም ምንጊዜም እሱ። ከጽሕፈት ቤት ሥራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስልኩ የሚጮኸው ለዚህ ጨዋታ ብቻ ነው፤ «ሊቀመንበር» ብሎ የሚጠራው ሰው ያለውም እዚያ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ከጨዋታው ባለቤቶች መልእክት ደረሰው። አባላቱ ስለተመናመኑ፣ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ አዲስ ሰው ካልገባ ሊጉ ይዘጋል፣ ዋንጫዎቹም አብረው ይጠፋሉ። አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለው። ያ ሰው ደግሞ ይኸው አገጩን ቀና አድርጎ ተቀምጧል።

ዲበኩሉ በሩ ላይ ትንሽ አመንትቶ ነበር፤ ጉርሙ ከሊጉ የወጣው በቅርቡ ነውና። ጉርሙ ግን «ኖር ጋሼ» ብሎ ብድግ አለ፣ አግዳሚውን በፎጣ ጠረገለት። ከጅራታ ጋር በኦሮምኛ ጀምሮት የነበረውንም ጨዋታ፣ ጋሼ እንዳይቀየሙ ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው። ዲበኩሉ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው እንደሚሰማ ጉርሙ አሳምሮ ያውቃል።

«አዲስ ስልክ ገዙ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» ይላል ጉርሙ ምላጩን በአውራ ጣቱ እየሞከረ። «ስልክ ሰው ያገናኛል… ሰው ማገናኘት ካሉ፣ እኔ የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ። እርስዎ አያውቋቸውም። እንደሳቸው እንግዳ የሚወድ ሰው ግን በዚህ አገር አላየሁም። ቤት ለእንግዳ ይባል የለ? … እሳቸው ዘንድ እንግዳው ነው ለቤቱ።»

ዲበኩሉ ጎሮሮውን ጠረገ። ስልኩን በእጁ ይዟል፤ የመመዝገቢያው ገጽ ተከፍቶ የጅራታን ስም ብቻ ነው የሚጠብቀው። ጉርሙ ምላጩን ሊያጥብ ዘወር ሲል፣ ጊዜው አሁን ነው ብሎ አፉን ከፈተ።

«እኚያ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቋት አንዲት ጥያቄ አለች» አለ ጉርሙ ከውኃው ሳይዞር። «‹ኳስ ይወዳሉ?› ነው የምትለው። በቃ፣ ይቺው ናት። ለስላሳ ጥያቄ… ማን ኳስ አልወድም ይላል?»

ዲበኩሉ የከፈተውን አፍ ወደ ሳል ለወጠው።

ጉርሙ የሰውየውን ደግነት ዘርዝሮ አልጠግብ አለ። አዲስ ተጫዋች ባገኙ ቀን ከገዛ ኪሳቸው የኢንተርኔት ጥቅል ይሞሉለታል፣ ክለቡን በገዛ ጣታቸው ያቋቁሙለታል፣ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ደግሞ ለክብሩ ሲሉ ከራሳቸው ጋር ያደርጉለታል። ያን ማታ አሥራ አንድ ለባዶ ይገባበታል። በማግሥቱ «አይዞህ፣ ልምድ ነው የጎደለህ» ብለው፣ ጨዋታው ለጀማሪ በነጻ ከሚሰጣቸው ወጣት ተጫዋቾች መካከል ፈጣኑን አጥቂ ይወስዱና በልዋጩ አንድ ሽማግሌ በረኛ ይሰጡታል። ይህ በረኛ መቼም ጉልበቱን ያመዋል፣ ኳስ ሲመጣም ለመውደቅ ያስባል። አዲሱ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲወጣ ክለቡ ይፈርሳል፣ በረኛው ሜዳ ላይ ይቀራል፣ እሳቸውም በርካሽ መልሰው ገዝተው ለሚቀጥለው እንግዳ ያዘጋጁታል።

«እንደ ዕድር ድስት ነው የሚዞረው» አለ ጉርሙ። «መቱ ውስጥ ያልገባበት ቤት የለም። … ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ አበው። እሳቸው ግን እንዲህ አይቸኩሉም። ሞኙን ራሱን ይተክሉታል፣ ውኃ ያጠጡታል፣ ያሳድጉታል… ከዚያ ነው የሚቆርጡት። ትዕግሥት ማለት ይህ አይደል ኦቦ? … አይናገሩ፣ ከንፈርዎ ጋ ደርሻለሁ።»

የጅራታ ዓይን በመስተዋቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። አረፋው ባይኖር ይስቅ ነበር።

ዲበኩሉ ተነሥቶ መሄድ ፈለገ። ግን እንዴት ተብሎ ይነሣል? የአሽሙር ክፋቱ ይኸው ነው፤ የተቆጣ ሰው ስሙን ራሱ ጠራ ማለት ነው። ከተነሣ «እኔ ነኝ» አለ፣ ከተናገረ «እኔ ነኝ» አለ፣ ስልኩን ለጅራታ ካሳየማ አለቀለት። ያለው አማራጭ ስለማያውቀው ሰው እንደሚሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ መቀመጥ ነው። ነቀነቀ። ሰዓቱ ግን ይሄዳል።

ጉርሙ ያዮ ከተማ ወደተፈጸመው ነገር ገባ። ሊጉ በዕድር ሕግ ነው የሚተዳደረው፤ የጠፋ አባል ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይጠየቃል። ቀኖ የሚባል የያዮ ማር ነጋዴ፣ በረኛው ከደረሰው ጀምሮ ስልኩን መክፈት ተወ። ሊቀመንበሩ አባላቱን ጋቢ አስለብሰው፣ በዚያ በተቦረቦረ መንገድ ይዘዋቸው ሄዱ። የቀኖ ሚስት ጋቢ የለበሱ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው፣ ተራ ይዘው ወደ ደጇ ሲመጡ አየች። ባሏ ቀፎ ሊያይ ጫካ ገብቶ ነበር። ሌላ ምን ታስብ? ኡኡ አለች። ጎረቤት ደረሰ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ።

«ከእንግዶቹ ውስጥ ‹ኧረ የሞተ የለም› ሊል የቃጣው ነበር ይባላል» አለ ጉርሙ። «ግን ለቅሶ መሃል እንዴት ይባላል? ነውር ነው። … እሳቸውም እንባቸው መጣ፤ ሆደ ቡቡ ናቸው። ቀኖ ማሩን ተሸክሞ ሲመጣ ቤቱ ድንኳን። ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀም፣ እሱም የወግ ሰው ነው፣ ማሩን አስቀምጦ ማልቀስ ጀመረ። ሚስቱ ቀና ስትል ሟቹ ከአልቃሾቹ መሃል ተቀምጧል። … ያኔ ነው እኚያ ሰው የተነሡት። ‹ተረጋጉ፣ ሰውየው ደህና ነው፣ አሰላለፍ ብቻ ነው ያላወጣው› አሉ። እስቲ ይንገሩኝ ኦቦ፣ አንድ ቀን ስልክ ባልከፍት ለቅሶ የሚደርስልኝ ሰው አለኝ? እርስዎስ አለዎት?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያዮ ላይ ኔትወርክ አለ የሚል ሰው ጠፋ፣ አለ ጉርሙ። ዳሪሙ ወረዳም ወሬው ደርሶ፣ ሰዉ ጋቢ ለባሽ ባየ ቁጥር ስልኩን ያጠፋል አሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ነገሩ… ለዚህ ይሆናል ብልህ አንበሳ ድሩን አስቀድሞ የሚበላው።»

ዲበኩሉ እስከዚህ ድረስ ችሎት ነበር። እንዲያውም የያዮውን ሲሰማ ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ዳድቶታል። ጉርሙ ግን ምላጩን አስቀምጦ የጅራታን ፊት በፎጣ ያብስ ጀመር፣ ድምፁም ዝቅ አለ።

«አንድ ወዳጅ ነበረኝ… ሞኝ ነው። ክለቡን በሟች እናቱ ስም ሰየመ። ስሟ በስልክ እንኳ ይጠራ ብሎ ነው። እኚያ ሰውም አላሳፈሩትም፣ ጠሩለት። የመጀመሪያው ቀን ማታ፣ እንደ ደንቡ አሥራ አንድ አግብተው፣ ለአባላቱ ሁሉ በቴሌግራም ጻፉ። ‹ዛሬ እከሊትን አደባባይ አውጥተን ገረፍናት› ይላል። … አጻጻፋቸው ጥሩ ነው፣ የጽሕፈት ቤት ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወዳጄም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ?»

ዲበኩሉ ቀና ሲል ዓይኑ ከመስተዋቱ በላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ላይ አረፈ። ነጠላዋን አጣፍታ የምታየው ሴት ኡርጌ ናት፣ የጉርሙ እናት። ያን መልእክት የጻፈው እሱ ነው፤ ጽፎም ብቻውን ስቋል። «ኡርጌ» የሚለውን ስም ሲጽፍ የታየው ክለብ ብቻ ነበር። የኡርጌን የለቅሶ ድንኳን የተከለው፣ ጉርሙን ከመቃብሩ አፋፍ ደግፎ ያነሣው ራሱ መሆኑ ትዝ ያለው አሁን ነው። አፈረ። ሊጉ ቢዘጋ ይዘጋ እስኪል ድረስ አፈረ፤ ወዲያው ደግሞ ሊጉ ከተዘጋ ማታ ማን እንደሚደውልለት አሰበና ፈራ።

ጅራታ አልኮል ተቀብቶ፣ ከፍሎ፣ ተነሣ። አዲሱን ስልኩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ከኮቱ በታች ወዳለው የሸሚዝ ኪስ አዛወረው፣ ቁልፉንም ቆለፈበት። በአግዳሚው በኩል ሲያልፍ ለዲበኩሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ዲበኩሉ ለመጨረሻ ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ኳስ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። የወጣው ግን «ደህና ይግቡ» የሚለው ነው። ወዲያው የሁሩሙ ሚኒባስ ረዳት ጥሪ ከውጭ ተሰማ።

«ይምጡ ጋሼ፣ ተራዎ ነው።»

ጢሙ አልረዘመም፣ ግን ምን ብሎ ይመለስ? ወንበሩ ላይ ወጣ። ጉርሙ ጨርቁን አንገቱ ላይ በእርጋታ አሰረለት፣ አረፋውን ለሰስ ባለ እጅ ቀባው፣ አገጩን ቀና አደረገለት። ይህኔ የዲበኩሉ ስልክ ከጨርቁ ሥር ጮኸ። አንዲት አጭር ድምፅ ናት፤ ከጨዋታው መልእክት ሲመጣ የምትጮኸው። ሳያየው ምን እንደሆነ አወቀ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል።

«ኋላ ያዩታል ጋሼ» አለ ጉርሙ። «አይንቀሳቀሱ፣ ምላጭ ይዣለሁ። … ስለ እኚያ ሰው ክፉ ያወራሁ እንዳይመስልዎት ደግሞ። እርስዎ አስታራቂ ሽማግሌ ነዎት፣ ይፍረዱኝ። የእናቴን ድንኳን የተከሉልኝ እርስዎ አይደሉ? ያን ቀን የነበረው ሰው ብዛት… ደጁ አልበቃ ብሎ መንገድ ላይ ተቀምጧል። ታድላለች እናቴ። አንድም ሰው አሸንፋ አታውቅም፣ ሰዉ ግን ሁሉ መጣላት። እኔ ለእኚያ ሰውም የምለምነው ይህንኑ ነው።»

ምላጩን ከጎሮሮው ላይ አነሣ፣ ዓይኑንም ወደ ላይ ሰቀለ።

«እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ዋንጫቸውን ያብዛላቸው። በዚያ ሁሉ ዋንጫ መሃል ሲቀመጡም… ቀባሪ አያሳጣቸው። … አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ።»