ሐልዋ ሻጩና አሮጌው እንክብል

ሐረር ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ፣ የፈረስ መጋላ ገበያው ሐልዋ ሻጭ አው ዩሱፍ ስኳራቸውን ሊያስመረምሩ ሲመጡ ከስኳር የሚሠራውን ጣፋጭ ሐልዋቸውን ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። የምርመራ እንክብሉን ሽንታቸው ውስጥ ስጨምር ቀለሙ ሁልጊዜ ሰማያዊ ይሆናል። "ስኳር የለም" ስላቸው "አልሐምዱሊላህ!" ይላሉ። አንድ ቀን ታዲያ የእንክብሉ ሳጥን ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ገና ሆኖ ሳለ፣ ውስጡ ያለው የእንክብል ብልቃጥ ጊዜው አልፎበት አገኘሁት። ደንግጬ በአዲስ ብልቃጥ ብሞክረው ሽንታቸው እንደ ሸክላ ቀላ።

"አው ዩሱፍ፣ ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። አሮጌው እንክብል ሲዋሸን ነው የከረመው" አልኳቸውና ብልቃጡን ልጥል ስል እጄን ያዙኝ።

"ተው ልጄ! ደህና ነህ እያለኝ የኖረውን ትጥላለህ? አዲሱ ነው እኔን የማያውቀኝ፤ በአሮጌው መርምረኝ!"

እምቢ ስላቸው፣ ያመጡልኝን ሐልዋ ከጠረጴዛዬ ላይ መልሰው አነሱና እሱኑ እየገመጡ ወጡ።