ሽፋኑን ያወለቅኩለት ሞተር

የባጃጄ ሞተር የጎባን ዳገት ሲወጣ እየጋለ ቢያስቸግረኝ፣ ነፋስ በደንብ ያግኘው ብዬ የቆርቆሮ ሽፋኑን በገዛ እጄ ፈትቼ ጣልኩት። በማግስቱ ጎረቤቴን ዘይነባን ምጥ ያዛት። እሷንና አማቷን ጭኜ ከሮቤ ወደ ጎባ ሆስፒታል ስከንፍ፣ መንገድ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ጢስ ለቆ ቀጥ አለ። ዘይነባ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ትጮሃለች፤ እኔ የማደርገው ጠፋኝ።

ወዲያው ኦቦ ሁሴን የሚባሉ ቆርቆሮ ሠሪ ሽማግሌ፣ የሚሸጡትን የቆርቆሮ ምድጃ በፈረስ ጋሪ አስጭነው ደረሱ። ምንም ሳይጠይቁ ምድጃዎቹን መንገድ ዳር አራገፉና ሁለቱን ሴቶች ከባለጋሪው ጋር ላኩ። እሳቸው እኔ ዘንድ ቀርተው ሞተሩን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ሽፋኑስ?»

«ነፋስ እንዲያገኝ ብዬ አወለቅኩት፣ ኦቦ።»

«ልጄ፣ ማራገቢያው የሚነፋውን አየር ወደ ሞተሩ የሚመራው እኮ ሽፋኑ ነው! አንተ አየሩን ሜዳ ላይ በተንከው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን አንዱን አዲስ ምድጃ በያዙት የቆርቆሮ መቀስ ቀደው፣ አጥፈው፣ ለሞተሩ በልኩ ሽፋን ሠሩለት። ሞተሩ በረድ ሲል ተነሣልኝ፤ የቀሩትን ምድጃዎች ባጃጁ ላይ ጭነን ዳገቱን አብረን ወጣነው።

ስንደርስ ዘይነባ ሴት ልጅ ተገላግላለች። አማቷ እጄን ይዘው ሲመርቁኝ አፈርኩ። «ምርቃቱ የሳቸው ነው» ብዬ ወደ ኦቦ ሁሴን ዞርኩና «ገለቶማ» ብዬ በኦሮምኛ አመሰገንኳቸው።

«ምርቃቱ ለሁለታችንም ይበቃል» አሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «አንተ ብቻ ሳትጠይቅ ብሎን አትፍታ።»